አንድ እጩ፣ ሦስት ምርጫ፦ ባርባራ ጆርዳንና የቴክሳስ ሴኔት

ጥቁር አሜሪካዊቷ የሕግ ባለሙያ ባርባራ ጆርዳን በ1962 ለቴክሳስ ግዛት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1964 ደገመች፤ አሁንም ተሸነፈች። በ1966 ግን ለግዛቱ ሴኔት ቀርባ ተፎካካሪዋን ሁለት ለአንድ በሚጠጋ ብልጫ ጣለችው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የታችኛው ምክር ቤት 150 ወንበር አለው፣ ሴኔቱ 31 ብቻ። ሰፊው በር ሁለት ጊዜ የተዘጋባት ሴት በጠባቡ እንዴት ገባች? ስለ እሷ ሲወራ ሰው የሚያነሳው አንደበቷን ነው፤ እውነትም አዳራሽ ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ ነበራት። ያ ድምፅ ግን በ1962ም አብሯት ነበር። በአራቱ ዓመት ውስጥ የተለወጡት የምርጫ ክልሉ መስመርና የመራጮች መዝገብ ናቸው። ሴኔት ከገባች በኋላ የሠራችው ሥራም ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮችና ያለ ምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ አይገባም።

የተወለደችው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1936 ሂውስተን ውስጥ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቷ ቤንጃሚን ጆርዳን የመጋዘን ሠራተኛና የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። በ1952 ከፊሊስ ዊትሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨርሳ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ይህን ዩኒቨርሲቲ ግዛቱ በ1947 ያቋቋመው ጥቁር ተማሪዎች በግዛቱ ዋና ከተማ በኦስቲን ወዳለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመጡበት ብሎ ነው። እዚያ በቶማስ ፍሪማን አሠልጣኝነት በክርክር ቡድኑ ውስጥ ስሟ ወጣ። በ1959 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቃ ወደ ሂውስተን ስትመለስ ደንበኞቿን መጀመሪያ የተቀበለችው በወላጆቿ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ፖለቲካውን የተማረችው ደግሞ በ1960 የኬኔዲና የጆንሰን የምርጫ ዘመቻ ላይ ነው። ሂውስተን ባለችበት ሃሪስ ካውንቲ (ካውንቲ የግዛቱ የአስተዳደር ክፍል ነው) ጥቁሮች በሚበዙባቸው 40 ገደማ ምርጫ ጣቢያዎች መራጩን በየብሎኩ ማደራጀት ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ጉልበት ይጨርሳል እንጂ። ከመዝገቡ የተመዘገቡትን ስም በየመንገዱና በየቤቱ ቁጥር ማውጣት፣ ለእያንዳንዱ ብሎክ እዚያው የሚኖር አንድ ሰው መሰየም፣ ያ ሰው ጎረቤቶቹን አንኳኩቶ ማን እንደሚወጣ፣ ማን መኪና እንደሚያስፈልገው እንዲጽፍ ማድረግ፣ በምርጫው ቀን ደግሞ ድምፅ የሰጠውን እየሰረዙ የቀረውን እንደገና ማንኳኳት። ጆርዳን በኋላ በምትወዳደርበት ጊዜ ይህ መረብ እጇ ላይ ነበር። የትኛው ጣቢያ ስንት ድምፅ እንደሚወጣው፣ የትኛው ብሎክ ሰው እንደሌለው በቃሏ ታውቀዋለች።

በ1962 ለመመዝገቢያ የተጠየቀችውን 500 ዶላር ተበድራ ከፈለችና ገባች። ውጤቱ ሲቆጠር እሷ 46 ሺህ ገደማ፣ ተፎካካሪዋ ዊሊስ ዋትሊ 65 ሺህ ገደማ ድምፅ አገኙ። የጥቁሮች ሰፈሮች በጅምላ መረጧት፤ ይደግፉናል የተባሉት የነጭ ሊበራሎች ሰፈሮች ግን የተጠበቀውን ያህል አልመጡም። ዘመቻዋ ደካማ ነበር ማለት አይቻልም። ስሌቱ ነው ከመነሻው ያልነበረው።

ሃሪስ ካውንቲ በ1960 የሕዝብ ቆጠራ 1,243,158 ነዋሪ ነበረው። ከአምስቱ አንድ ገደማው ጥቁር ነው። ካውንቲው ወደ ታችኛው ምክር ቤት የሚልካቸው 12 ተወካዮች በየሰፈሩ አይመረጡም ነበር፤ ለእያንዳንዱ ወንበር መላው ካውንቲ ድምፅ ይሰጣል። ይህ ማለት የካውንቲው ጥቁር መራጭ ሁሉ ያለ ቀሪ ቢወጣና ለጆርዳን ድምፅ ቢሰጥ እንኳ፣ ለማሸነፍ ከጠቅላላው ድምፅ ሌላ 30 በመቶ ገደማ ከሌላው ሕዝብ ማግኘት አለባት ማለት ነው። በዚያ ላይ ወንበሮቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ እጩው ለአንድ የተወሰነ ቁጥር ይመዘገብና በዚያ ቁጥር ላይ ከቀረበው ሰው ጋር ብቻ ይገጥማል። ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ አንድ አናሳ ቡድን 12 ድምፅ ከመበተን ለአንድ እጩ ብቻ ሰጥቶ ሌላውን ባዶ መተው፣ በዚያም እጩውን ከመጀመሪያዎቹ 12 መካከል ማስገባት ይችል ነበር። ቁጥር ያለው ወንበር ይህችን ቀዳዳ ይደፍናል። እንዲህ ያለ ደንብ ወረቀት ላይ ሲነበብ ስለ ዘር አንዲት ቃል የለበትም፤ ሥራውን የሚሠራው በሒሳብ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ፖል ታክስ ነበር፤ ለመምረጥ የሚከፈል ግብር። ለግዛቱ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ ካውንቲው ከፈለገ 25 ሳንቲም ይጨመርበታል። ከገንዘቡ የከፋው ቀኑ ነው። ግብሩ የሚከፈለው ከኦክቶበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31 ሲሆን፣ ፕራይመሪ የሚባለው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ የሚካሄደው ሜይ ላይ ነው። ሰዎች ስለ ምርጫ ማሰብ በሚጀምሩበት በማርችና በኤፕሪል መዝገቡ ተዘግቷል። ያኔ ቤት ለቤት እየዞረ የሚቀሰቅስ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ «እንመርጥሽ ነበር፣ ግን አልከፈልንም» የሚል መልስ ነው። በጃንዋሪ 1964 የጸደቀው 24ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ግብሩን ለፌዴራል ምርጫዎች ብቻ ስላነሳው ቴክሳስ ሁለት ዓይነት መራጭ ይዛ ቀረች። ያልከፈለው ፕሬዚዳንት መምረጥ ይችላል፤ የግዛቱን ምክር ቤት አባል ግን አይችልም። ጆርዳን ለሁለተኛ ጊዜ የተሸነፈችው በዚህ ዓመት ነው።

ፕራይመሪውን ለምን እንደዚህ እንደምናነሳው ለማያውቅ፦ በዚያን ጊዜ ቴክሳስ የአንድ ፓርቲ ግዛት ስለነበረች የዴሞክራቶችን ፕራይመሪ ያሸነፈ ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራል። እስከ 1944 ድረስ ጥቁሮች በዚያ ፕራይመሪ እንዳይመርጡ ተከልክለው ነበር፤ ክልከላውን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲሽር ያደረገው ከሳሽ ሎኒ ስሚዝ ደግሞ የሂውስተን የጥርስ ሐኪም ነው።

ለውጡ የመጣው ከኦስቲን ሳይሆን ከፍርድ ቤት ነው። ማርች 1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቤከርና በካር ጉዳይ የምርጫ ክልል አከፋፈል በፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል ወሰነ። ጁን 1964 ደግሞ በሬይኖልድስና በሲምስ ጉዳይ የግዛት ምክር ቤቶች ሁለቱም ክፍሎች በሕዝብ ቁጥር እኩል መከፈል አለባቸው አለ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት አንድ ካውንቲ የቱንም ያህል ሕዝብ ቢኖረው ከአንድ በላይ ሴናተር እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። የዚያን ጊዜው የግዛቱ ሕዝብ 9,579,677 ነው። ለ31 ሲካፈል ለአንድ ሴናተር 309 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። የሃሪስ ካውንቲ ሕዝብ በዚህ ሲካፈል አራት ይወጣል። አራት ሴናተር የሚገባው ሕዝብ በአንድ ይወከል ነበር ማለት ነው። በ1965 መጀመሪያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ገደብ ሻረው፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት አዲስ ካርታ አወጣ።

ከአዲሶቹ ክልሎች አንዱ 11ኛው ነው። ፊፍዝ ዋርድን ጨምሮ የጥቁሮች ሰፈሮች፣ የሜክሲኮ ተወላጆች የሚኖሩባቸው አካባቢዎችና በሠራተኛ ማኅበር የታቀፉ ነጮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች በአንድ መስመር ውስጥ ገቡ። ጆርዳን የቀድሞ ውጤቷን በየምርጫ ጣቢያው አውጥታ ከአዲሱ መስመር ጋር ስታስተያየው ድሮ ያሸነፈችባቸው ጣቢያዎች እዚያው ውስጥ ሰብሰብ ብለው አገኘቻቸው። ሁለቱ ሽንፈቶች ለዚህ ጠቀሙ። ሌላ አዲስ እጩ የግምት ሥራ የሚሠራበትን ነገር እሷ በተቆጠረ ድምፅ ይዛዋለች።

ፌብሩዋሪ 1966 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት የቴክሳስን ፖል ታክስ ሻረ። ግዛቱ በምትኩ በየዓመቱ እየታደሰ የሚሄድ ነፃ ምዝገባ አመጣ። በየዓመቱ መታደሱ ራሱ ሌላ ወጥመድ ነበር (እሱም በ1971 በፍርድ ቤት ወደቀ)፤ ቢሆንም ለሜይ 1966 ፕራይመሪ ሲባል ከግብሩ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እፎይታ ነው።

ተፎካካሪዋ የታችኛው ምክር ቤት አባል ጄ ሲ ዊትፊልድ ነበር። ነጭ ነው፤ በሊበራልነቱ የታወቀና ከጆርዳን ጋር በአንድ ወገን የነበረ ሰው። በዘመቻው ማብቂያ ላይ ነጭ ሰው በዚህ ክልል ማሸነፍ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ቅስቀሳ አወጣ። ጆርዳን የመለሰችው በአጭሩ በዚህኛው ምርጫ እንደማይችል ነው። የምርጫው ሌሊት ነገሩ ቶሎ አለቀ። ከ1883 በኋላ ወደ ቴክሳስ ሴኔት የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው፣ ከጥቁር ሴቶች ደግሞ ፈጽሞ የመጀመሪያዋ ሆነች።

ጃንዋሪ 1967 ሥራ ስትጀምር 30 ወንዶች ያሉበት፣ ከእሷ በቀር ጥቁር የሌለበት አዳራሽ ነበር የጠበቃት። የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለ140 ቀን ነው፤ የአባሉ ደመወዝ ያኔ በዓመት 4,800 ዶላር ነበር። ጊዜው አጭር ስለሆነ አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ተቃውሞ ገጥሞት ሳይሆን ተራ ሳይደርሰው ነው። ተራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሴኔቱን ያውቀዋል። ከሳን አንጄሎ የመጣው ዶርሲ ሃርድማን ደንቡን እንደ መዳፉ የሚያውቅ ወግ አጥባቂ ሴናተር ነበር። ጆርዳን ይህን አይታ እሱን ከመሸሽ ይልቅ እየተከታተለች ደንቡን ተማረች።

ከደንቦቹ ሁሉ ዋናው እስከ 2015 የቆየው የሁለት ሦስተኛው ደንብ ነበር። ረቂቆች በተራ መታየት አለባቸው ይባላል። በተግባር ግን ማንም ሊያጸድቀው የማይፈልገው አንድ ተራ ረቂቅ መጀመሪያ ላይ ይቀመጥና እዚያው እንዲቆይ ይደረጋል። ከሱ ኋላ ያለው ሁሉ ወደ ውይይት የሚመጣው ሴኔቱ ተራውን ለመዝለል በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲስማማ ብቻ ነበር። ሠላሳ አንዱም ካሉ 21 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አንድን ረቂቅ ለማስቆም 16 ሰው ማሳመን አይጠበቅም ነበር፤ 11 ይበቃ ነበር።

ይህ ቁጥር ለብቸኛዋ ጥቁር ሴናተር ምን እንደሆነ የታየው የመራጮችን ምዝገባ የሚያጠብ ረቂቅ በመጣ ጊዜ ነው። ጆርዳን ንግግር አላዘጋጀችም፤ አሥር ሴናተሮች ዘንድ አንድ በአንድ ሄደች። አንዱ ዘንድ የመርህ ጉዳይ ነው፣ ሌላው ዘንድ ድሮ የዋለችለት ውለታ። አሥሩ ቃል ሲገቡላት ከራሷ ጋር 11 ሆኑ፤ ረቂቁም ወደ ውይይት ሳይመጣ ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሁለት ሦስተኛ የሚሰላው አዳራሹ ውስጥ ካሉት ነበር። ከ11 ተቃዋሚዎች አንዱ ስልክ ሊያነሳ ቢወጣ 30 ሰው ይቀራል፤ የ30 ሁለት ሦስተኛ 20 ነው፣ ከሌላው ወገን ደግሞ ልክ 20 ሰው አለ፤ ግድቡ ተናደ። ቃል መቀበል ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ ድምፅ በሚሰጥባት ደቂቃ ሁሉም ወንበሩ ላይ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የሴኔቱ ሰብሳቢ የሆነው ምክትል ገዥ ለማን ዕድል እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል።

ማስቆም ግን አንድ ነገር ነው፣ ማሳለፍ ሌላ። ለማሳለፍ ያው ደንብ በተቃራኒው ይሠራባታል፤ ከራሷ ሌላ 20 ሰው ትፈልጋለች። ለዚህም ነው ሕጎቿ የድርድር ሽታ ያላቸው። በ1969 የሥራ ላይ ጉዳት ካሳን የሚያሻሽለው ሕግ ሲወጣ ለተጎዳ ሠራተኛ በሳምንት የሚከፈለው ጣሪያ ከ35 ወደ 49 ዶላር ከፍ አለ። በ12 ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጭማሪ ነበር። የፌዴራሉ ሕግ የማይደርስላቸውን የቤት፣ የልብስ ንጽሕናና የእርሻ ሠራተኞችን የሚነካው የግዛቱ የመጀመሪያ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግም ከነዚሁ ዓመታት ሥራዋ ነው። ሕግ የፊትና የኋላ በር ያለው ቤት ነው ቢባል፣ እሷ ከኋላ በኩል መግባቱን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ታውቅበት ነበር፤ ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት ከሚቀጠሩት የሎቢ ሰዎች ጋር ምሳ በላች፣ ከወግ አጥባቂዎች ጋር አደን ወጣ ባሉበት ተቀመጠች፣ አዳራሽ ውስጥ ማንንም አላዋረደችም። የመጀመሪያው ጉባኤ ሲዘጋ ሴኔቱ በሙሉ ድምፅ የሚያመሰግናት ውሳኔ አሳለፈ። በአንጻሩ በዚያው 1966 ለታችኛው ምክር ቤት የተመረጠው ጥቁሩ ከርቲስ ግሬቭስ ፊት ለፊት መጋፈጥን መረጠ። የሁለቱ መንገድ ውሎ አድሮ ተጋጨ።

ግጭቱ የመጣው ያው በካርታ ነው። ከ1970 ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ በአሜሪካ ኮንግረስ ያላት ወንበር ከ23 ወደ 24 አደገ። የምክትል ገዥው ቤን ባርንስ ወዳጅ የሆነችው ጆርዳን የሴኔቱ የምርጫ ክልል ኮሚቴ ምክትል ሰብሳቢ ነበረች። ሂውስተን መሐል ላይ 18ኛው የኮንግረስ ክልል ተሠመረ፤ ጥቁሮች ከግማሽ ቢያንሱም ለእሷ የተመቸ ክልል ነው። በሌላ በኩል የሴኔቱ 11ኛ ክልል ተቆራርጦ የጥቁር መራጮቹ ክብደት ቀነሰ። ግሬቭስ የግዛቱን ወንበር ሸጣ የኮንግረስ ወንበር ገዛች ብሎ በአደባባይ ከሰሳት።

ክሱ በሁለት በኩል መታየት አለበት። የሴኔቱን ካርታ ያወጣው የእሷ ኮሚቴ አይደለም፤ ምክር ቤቱ ስላልተስማማ ሥራው አምስት የግዛቱ ሹማምንት ወዳሉበት የምርጫ ክልል ቦርድ ተላልፎ ነበር። ከቦርዱ አባላት አንዱ ግን ራሱ ባርንስ ነው፤ ስለዚህ ጆርዳን ከነገሩ ሩቅ ነበረች ብሎ መከራከር አስቸጋሪ ነው። ግሬቭስ ካርታውን በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ በሃሪስ ካውንቲ ሴኔት ጉዳይ ግን አልተሳካለትም። በዚያው መዝገብ የዳላስና የቤክሳር ካውንቲዎች በጅምላ የሚመረጡባቸው የታችኛው ምክር ቤት ክልሎች ተሻሩ፤ በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ጆርዳንን በ1962 የጣላት ዓይነት አሠራር ማለት ነው። በ1972ቱ ፕራይመሪ ጆርዳንና ግሬቭስ ለ18ኛው ክልል ፊት ለፊት ገጠሙ፤ 80 በመቶ ገደማ አግኝታ አሸነፈች። የግሬቭስ ስጋት ግን ከንቱ አልነበረም። እሷ ከሄደች በኋላ ክሬግ ዋሽንግተን በ1983 እስኪገባ ድረስ በቴክሳስ ሴኔት ጥቁር አባል አልነበረም። አሥር ዓመት ማለት በሁለት ዓመት አንዴ ለሚሰበሰብ ምክር ቤት አምስት መደበኛ ጉባኤ ነው።

ከመሄዷ በፊት ማርች 1972 ሴኔቱ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣት። በግዛቱ ሕግ ገዥውና ምክትሉ ከቴክሳስ ከወጡ ሥልጣኑ ወደዚህ ወንበር ይሻገራል፤ ሁለቱም ለአንድ ቀን ሆን ብለው ወጥተው ወንበሩን የያዘውን ማክበር የቆየ ልማድ ነው። ጁን 10 ቀን 1972 ገዥው ፕሬስተን ስሚዝና ባርንስ ወጡላት። አባቷ ልጁን በገዥ ወንበር ላይ ሊያይ ኦስቲን መጥቶ ሳለ ታመመ፤ በማግስቱ አረፈ።

በኮንግረስ ከ1973 እስከ 1979 ቆየች። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት በጁላይ 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ከሥልጣን ለማንሳት ስለቀረበው ክስ በፍትሕ ኮሚቴው ባደረገችው ንግግር ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን የ1975ቱ ሥራዋ ነው። የ1965 የመራጮች መብት ሕግ፣ ክልል ማሠመርንም ሆነ የምዝገባ ደንብ መቀየርን አስቀድሞ ለፌዴራል መንግሥት አቅርቦ ማስፈቀድን በተወሰኑ ግዛቶች ላይ ይጥል ነበር፤ ቴክሳስ ከዝርዝሩ ውጭ ነበረች። ጆርዳን ሕጉ ሲታደስ ስፓኒሽና ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ መራጮች በብዛት ያሉባቸውን ቦታዎች እንዲያካትት የሚያደርገውን ማስፋፊያ አቅርባ ተከራከረች። ከራሷ ግዛት ባለሥልጣናት ተቃውሞ ቢገጥማትም አለፈ፣ ቴክሳስም ገባችበት። ገዥው ዶልፍ ብሪስኮ ግዛቱ እንዲወጣ ክስ መሥርቶ በ1977 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ። ከዚያ በኋላ እስከ 2013 ድረስ ቴክሳስ የምርጫ ክልል መስመር ለማንቀሳቀስ፣ የምርጫ ጣቢያ ለመቀየር እንኳ፣ መጀመሪያ ዋሽንግተን ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት።